ራሱ ገርፎ ራሱ የሚጮኸው ጅራፍ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ዝግጅታችን የሚነሣው ከአሜሪካ፣ ከኬንታኪ ግዛት ነው። አስቀድሜ ላስታውሳችሁ፤ ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጊዜው 1950ዎቹ ነው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ኬንታኪ ውስጥ የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን ያመርት ነበር። ኃላፊዎቹ ሊፈቱት ያልቻሉት እንቆቅልሽ ነበራቸው። አንዳንድ ጊዜ ሥራው ከመብዛቱ የተነሣ ሠራተኛው በሦስትና በአራት ፈረቃ ይገባል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ደግሞ የሠራተኛው ግማሽ ይሰናበታል። "የንግድ ነገር እንዲህ ነው፤ ገበያው አንዴ ይሞቃል፣ አንዴ ይቀዘቅዛል" ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። ሰዎቹ ግን ይህ መልስ ሙሉ በሙሉ አልዋጥላቸው አለ።

ነገሩን ያጫወቱት ሰው ጄይ ፎረስተር ይባላል። ፎረስተር ኔብራስካ ውስጥ ከብት በሚያረባ ቤተሰብ ያደገ፣ በሙያው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነው። ኤም አይ ቲ በሚባለው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ከቀደምቶቹ ኮምፒውተሮች አንዱን፣ ዊርልዊንድን፣ ሲሠራ ቆይቶ በ1956 ወደዚያው ተቋም የሥራ አመራር ትምህርት ቤት ተዛወረ። የኬንታኪዎቹን ሰዎች የጠየቃቸው ስለ ውሳኔያቸው ነበር። ሠራተኛ የምትቀጥሩት ምን ስታዩ ነው? መጋዘን ውስጥ ምን ያህል ዕቃ ታስቀምጣላችሁ? ትእዛዝ ሲበዛ ምን ታደርጋላችሁ? ከዚያ ያ ኮምፒውተር የሠራ ሰው እርሳስ አነሣ። ደብተሩ ላይ ዓምድ አሰመረ፤ ክምችት፣ ሠራተኛ፣ ትእዛዝ። ከሳምንት ወደ ሳምንት በእጁ እያሰላ ወረደ።

ያገኘው ነገር አስገራሚ ነበር። ከውጭ የሚመጣው ትእዛዝ ምንም ሳይለዋወጥ፣ ድርጅቱ በሚመራበት የውሳኔ ደንብ ብቻ የሠራተኛው ቁጥር ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። ገበያው ሳይሞቅ ፋብሪካው ይሞቃል፤ ገበያው ሳይቀዘቅዝ ፋብሪካው ይቀዘቅዛል። ፎረስተር ይህን ሐሳብ በ1958 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው መጽሔት፣ በ1961 ደግሞ "ኢንዱስትሪያል ዳይናሚክስ" በተባለው መጽሐፉ በሰፊው አቀረበው።

ነገሩ ሲነገር ብቻ አያሳምንም፤ ሲሰላ ነው የሚገባው። እስክሪብቶና ወረቀት ያላችሁ አቅርቡ። መኪና የምትነዱ ግን ዝም ብላችሁ አዳምጡ።

(አጭር ሙዚቃ)

ፓስታ የሚሸጥ አንድ ባለሱቅ አለ እንበል። ባለሱቁ ዕቃ የሚያወርደው ከጅምላ ሻጭ ነው፤ ጅምላ ሻጩ ከዋና አከፋፋይ፣ አከፋፋዩ ከፋብሪካ። አራቱም የሚመሩት በአንድ ደንብ ነው፦ "በሳምንቱ የሸጥኩትን ያህል ዕቃ ለመጠባበቂያ በእጄ ይኑር።" የሚያስወቅስ ደንብ አይደለም፤ ጥንቃቄ የሚወድ ነጋዴ የሚያደርገው ነው። ሽያጩ ለብዙ ጊዜ በሳምንት 100 ካርቶን ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ በአራቱም ቤት 100 ካርቶን መጠባበቂያ አለ፣ ሁሉም በየሳምንቱ 100 ያዛል፣ ፋብሪካውም 100 ያመርታል። ሰላም ነው።

አንድ ሳምንት ሽያጩ 105 ሆነ። ሰፈሩ ውስጥ አዲስ ተከራዮች ገብተው ይሆናል። ባለሱቁ የሸጠውን 105 መተካት አለበት። መጠባበቂያውንም ከ100 ወደ 105 ማሳደግ አለበት። ስለዚህ 110 አዘዘ። ጅምላ ሻጩ ስለ ተከራዮቹ ምንም አያውቅም፤ እሱ የሚያየው 100 የነበረው ትእዛዝ 110 መሆኑን ነው። 110ሩን ይተካል፣ መጠባበቂያውን በ10 ያሳድጋል፤ 120 አዘዘ። አከፋፋዩ 120 አየ፤ ለመጠባበቂያ 20 ጨምሮ 140 አዘዘ። ፋብሪካው 140 አየ፤ 40 ጨምሮ 180 አመረተ።

በላተኛው የጨመረው 5 ካርቶን ነው፤ ፋብሪካው የጨመረው 80። ፋብሪካው ውስጥ ሰው ይቀጠራል፣ ዱቄት በብዛት ይታዘዛል፣ የሌሊት ፈረቃ ይጀመራል።

ሁለተኛው ሳምንት መጣ። ሽያጩ እዚያው 105 ላይ ነው፤ ልብ በሉ፣ ደንበኛው ምንም አልቀየረም። ባለሱቁ መጠባበቂያው ስለሞላ 105 ብቻ አዘዘ። ጅምላ ሻጩ ባለፈው ሳምንት 110 አይቶ 110 አከማችቷል፤ አሁን የታዘዘው 105 ነው። ስለዚህ 5 ካርቶን ተርፎታል፤ 100 ብቻ አዘዘ። አከፋፋዩ 120 አከማችቶ ተቀምጧል፤ የመጣለት ትእዛዝ 100፤ 20 ስለተረፈው 80 አዘዘ። ፋብሪካው መጋዘኑ ውስጥ 140 ካርቶን አለ፤ የመጣለት ትእዛዝ 80፤ ትርፉ 60። ስለዚህ በዚህ ሳምንት የሚያመርተው 20 ካርቶን ብቻ ነው።

ከ180 ወደ 20! ባለፈው ሳምንት የተቀጠረው ሰው ዛሬ ሥራ የለውም። ስሌቱን ብትቀጥሉበት ፋብሪካው በሦስተኛው ሳምንት 140፣ በአራተኛው 100 ያመርትና በአምስተኛው 105 ላይ ያርፋል። እንግዲህ ይህ ሁሉ የሆነው ትእዛዝም ዕቃም በዚያው ሳምንት በሚደርስበት፣ መንገድ በማይዘጋበት፣ ማንም በማይደናገጥበት ምኞት በሚመስል ዓለም ውስጥ ነው።

ይህ ክስተት የጅራፍ ውጤት ይባላል። በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ያጮኸ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ እጅ በትንሹ ትወዛወዛለች፣ ጫፉ ግን አየር ሰንጥቆ ይጮኻል። ስያሜው የተለመደው በፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ኩባንያ ሰዎች ዘንድ ነው። ኩባንያው ፓምፐርስ የተባለውን የሕፃናት ዳይፐር ያመርታል። ሕፃናት ደግሞ በበዓልም በአዘቦትም ያው ናቸው። የኩባንያው የሎጂስቲክስ ኃላፊዎች ሲመረምሩት፣ በየመደብሩ ያለው ሽያጭ ከፍ ዝቅ ቢልም መጠነኛ ነበር። ከአከፋፋዮች የሚመጣላቸው ትእዛዝ ግን በጣም ይዋዥቅ ነበር። ከዚያ አልፈው ራሳቸው ለጥሬ ዕቃ አቅራቢዎቻቸው፣ ለምሳሌ ለስሪኤም ኩባንያ፣ የሚልኩትን ትእዛዝ ሲያዩት ይባስ ብሎ ተገኘ። አበው ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይላሉ። "ገበያው አስቸገረን" ብሎ የሚጮኸው ፋብሪካ ለአቅራቢዎቹ ያንኑ ችግር አብዝቶ እያስተላለፈ ነበር።

(አጭር ሙዚቃ)

"ሰዎቹ ጎበዝ ነጋዴዎች ቢሆኑ ይህ አይደርስም ነበር" የሚል አድማጭ አይጠፋም። መልሱን የሚሰጠን አንድ ጨዋታ ነው። ኤም አይ ቲ ውስጥ በ1960 ገደማ የተፈጠረው ይህ ጨዋታ የቢራ ጨዋታ ይባላል። ቢራ አይጠጣበትም፤ ስሙ ነው እንጂ።

አራት ሰዎች በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ባለሱቅ፣ ጅምላ ሻጭ፣ አከፋፋይና የቢራ ፋብሪካ። መነጋገር አይፈቀድም። የሚተላለፈው ትእዛዝ የተጻፈባት ወረቀት ብቻ ናት። ትእዛዙ ሲሄድ ጊዜ ይወስዳል፣ ዕቃው ሲመጣም ጊዜ ይወስዳል። ሳይሸጥ በመጋዘን ላደረ ለእያንዳንዱ ሣጥን በሳምንት ግማሽ ዶላር ይከፈላል። ደንበኛ ጠይቆ ላጣው ሣጥን ደግሞ አንድ ዶላር። ዓላማው የአራቱን አጠቃላይ ወጪ ዝቅ ማድረግ ነው። የመጨረሻውን ደንበኛ ፍላጎት የሚያውቀው ባለሱቁ ብቻ ነው፤ እሱም በየሳምንቱ አንድ ካርድ ይገልጣል።

ካርዶቹ ላይ ያለው እንዲህ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሳምንታት 4 ሣጥን፣ ከዚያ 8። ከዚያ በኋላ እስከ ጨዋታው ፍጻሜ 8፣ 8፣ 8። አንዴ ከፍ አለ፣ በቃ።

የሚሆነውን የኤም አይ ቲው ፕሮፌሰር ጆን ስተርማን በ1989 ባሳተሙት ጥናት በቁጥር አሳይተዋል። በአማካይ ባለሱቁ በከፍተኛው ሳምንት ያዘዘው 15 ሣጥን ነው፤ ጅምላ ሻጩ 19፣ አከፋፋዩ 27፣ ፋብሪካው 32። ደንበኛው ግን ከ8 በልጦ አያውቅም። ከዚያ ያ ሁሉ ቢራ መጥቶ መጋዘኑን ይሞላውና ለብዙ ሳምንታት ማንም ምንም አያዝም። የቡድኖቹ አማካይ ወጪ ሊደረስበት ይችል ከነበረው ዝቅተኛ ወጪ 10 እጥፍ ነበር። ጨዋታውን ተማሪዎችም፣ የኩባንያ ኃላፊዎችም ተጫውተውታል፤ ታሪኩ ያው ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ከጨዋታው በኋላ ያለው ክፍል ነው። ተጫዋቾቹ "ደንበኛው ምን ያህል ቢራ ይጠይቅ ነበር? እስቲ በሥዕል አሳዩ" ሲባሉ፣ አብዛኞቹ ወደ ላይ ተተኩሶ ወደ ታች የሚወድቅ ማዕበል ይስላሉ። በልባቸው አንድ የማይጨበጥ ደንበኛ አለ፤ አንድ ሳምንት ተጠምቶ የሚመጣ፣ በሚቀጥለው የሚጠፋ። እውነተኛው ካርድ ሲገለጥ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ማዕበሉ ራሳቸው ናቸው።

ስህተቱ የት ላይ ነው? ስተርማን ውሳኔዎቹን መርምረው ያገኙት፣ ተጫዋቾቹ መጋዘናቸው ውስጥ ያለውን ዕቃ በደንብ እንደሚያዩ፣ ታዝዞ ገና በመንገድ ላይ ያለውን ግን በበቂ እንደማይቆጥሩ ነው። መደርደሪያው ባዶ ነው፤ ስለዚህ ያዛሉ። በሚቀጥለው ሳምንትም ባዶ ነው፤ ያው የመጀመሪያው ትእዛዝ ገና አልደረሰማ! እንደገና ያዛሉ። በሦስተኛው ሳምንትም እንዲሁ። ከዚያ ሦስቱም ተከታትለው ሲደርሱ ማስቀመጫ ይጠፋል። ዓይን የሚያየው ባዶውን መደርደሪያ ነው፤ ጅቡቲ መንገድ ላይ ያለውን የጭነት መኪና አይደለም። ለዚህም ነው የዕቃው ጉዞ በረዘመ ቁጥር ጅራፉ የሚጮኸው። ከባሕር ማዶ በወራት የሚደርስ ዕቃ የሚያዝ አስመጪ፣ ከጎረቤት ከተማ በማግስቱ ከሚያወርድ ነጋዴ ይልቅ ለዚህ ስህተት የተጋለጠ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

በ1997 ሃው ሊ፣ ፓድማናባን እና ሰንግጂን ዋንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ለየት ያለ ጥያቄ ይዘው መጡ። ሰዎቹ ምንም ስህተት ባይሠሩስ? እያንዳንዱ ሰው በሚገባ አስቦ ለራሱ የሚጠቅመውን ቢያደርግስ? ጅራፉ ይቀራል? አይቀርም የሚል ነው መልሳቸው። ትንበያን ከሚመጣው ትእዛዝ እየተነሡ ማደስ አንዱ ምክንያት ነው፤ በፓስታው ስሌት ያየነው የዚህ ዘመድ ነው። የመኪናው ጭነት እስኪሞላ ጠብቆ በጅምላ ማዘዝ ሌላው ነው፤ ባለሱቁ በየቀኑ ይሸጣል፣ አቅራቢው ግን ወር ሙሉ ዝም ብሎ ከርሞ አንድ ቀን ትልቅ ትእዛዝ ይደርሰዋል። የዋጋ ቅናሽም አለ። ቅናሽ ሲታወጅ ነጋዴው የሦስት ወሩን ይገዛና ቀጥሎ ይጠፋል። ይህ ብዙ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም።

ብዙ ማብራሪያ የሚፈልገው የእጥረቱ ነገር ነው። ዕቃ ሲያጥር አቅራቢው ያለውን ያካፍላል። ሁሉም ከጠየቀው ግማሹን ብቻ የሚያገኝ ከሆነ፣ 100 የሚያስፈልገው ነጋዴ 200 መጠየቁ አይቀርም። አስቡት፤ ጎረቤቱ እንደዚያ ካደረገ፣ በእውነት 100 የጠየቀው የዋህ 50 ይዞ ይቀራል። አቅራቢው ግን 200ውን እንደ እውነተኛ ፍላጎት ያነበዋል። "ገበያው በእጥፍ አደገ!" ብሎ ማሽን ይተክላል። ዕቃው መትረፍረፍ ሲጀምር ሁሉም ትእዛዙን ይሰርዛል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ቶማስ ሚቸል የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ጸሐፊ በ1924 ጽፎታል። ቸርቻሪዎች ትእዛዛችሁ የሚሟላው 80 በመቶው ብቻ ነው ሲባሉ እንዴት ትእዛዛቸውን እንደሚያሳብጡ፣ ያበጠው ትእዛዝ ደግሞ እንዴት እጥረቱን እንደሚያባብሰው በዝርዝር አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን ትምህርቱን እየደጋገመ የከፈለበት ነው። በ2001 የኢንተርኔት መሣሪያ አምራቹ ሲስኮ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ክምችት ዋጋ እንደሌለው ቆጥሮ ከመዝገቡ ለመሰረዝ ተገደደ። ቀደም ብሎ ዕቃ ሲያጥር፣ ቶሎ ያደርስልኛል ካሉት አቅራቢ ሁሉ እያዘዙ ትእዛዛቸውን የደራረቡ ደንበኞች ነበሩት።

የኮሮና ዘመንንም አትረሱትም። በ2020 መጀመሪያ ላይ የመኪና አምራቾች ገበያው ይሞታል ብለው የቺፕ ትእዛዛቸውን ሰረዙ። ቺፕ አምራቾቹም ፊታቸውን ወደ ኮምፒውተርና ወደ ስልክ አዞሩ። የመኪና ገበያው ከታሰበው ፈጥኖ ሲመለስ ሰልፉ መጨረሻ ላይ መቆም ግድ ሆነባቸው፤ በ2021 መኪና አምራቾች በቺፕ እጦት ሥራ እስከማቆም ደረሱ። በጥር 2022 ሎስ አንጀለስና ሎንግ ቢች ወደቦች ላይ ለማራገፍ ተራ የሚጠብቁት የኮንቴይነር መርከቦች ከ100 በላይ ነበሩ። ገና በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደግሞ ታርጌት የተባለው ትልቅ የአሜሪካ መደብር ዕቃ ስለተረፈው ዋጋ እንደሚቀንስና ትእዛዝ እንደሚሰርዝ አስታወቀ። ከሰልፍ ወደ ትርፍ፣ በአምስት ወር።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ዘይት ወይም ስኳር ሊጠፋ ነው የተባለ ዕለት የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። በወር ሁለት ሊትር የምትፈጅ እናት አምስት ሊትር ትገዛለች። ባለሱቁ ሁሉም መደርደሪያ ባንድ ቀን መራቆቱን ያያል። የተለመደው ወሬ "ነጋዴው ደብቆት ነው" የሚል ነው። የሚደብቅ ነጋዴ የለም አልልም፤ አለ። ነገር ግን እያንዳንዱ ቤት ሦስት ሊትር ጨምሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ሲያስቀምጥ፣ ለከተማው አንድ ትልቅ መጋዘን ተከራይቶ እንደመደበቅ ነው። የዚያ መጋዘን ባለቤት በስም አይጠራም፤ ብዙ ሕዝብ ነውና። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ያችው እናት ዘይት አትገዛም፤ ባለሱቁም "ገበያው ሞተ" ይላል።

ጉዳዩ ከዘይት ወደ መድኃኒት ሲሻገር ክብደቱ ይለወጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2009 ጀምሮ የተዘረጋ የተቀናጀ የመድኃኒት አቅርቦት ሥርዓት አለ። ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች በየሁለት ወሩ ያላቸውን ክምችትና የተጠቀሙትን ሪፖርት ያደርጋሉ፤ በዚያው ቅጽ ላይ የሚያስፈልጋቸውን ይጠይቃሉ። ከፍተኛው ክምችት የአራት ወር ፍጆታ እንዲሆን ነው የተወሰነው። አሠራሩ ሥርዓት ያለው ነው። አሁን ግን በወር 300 ፓኬት የወባ መድኃኒት የሚያስፈልገው ጤና ጣቢያ አስቡ። ከሁለቱ ወር አንዱን ወር መድኃኒቱ አልነበረም። ስለዚህ በሁለት ወር ያከፋፈለው 300 ነው። ይህን ለሁለት አካፍሎ ወርኃዊ ፍጆታው 150 ነው ቢል፣ የአራት ወሩ መጠን 600 ይሆናል፤ እውነተኛው ግን 1,200 ነበር። ወረቀቱ ላይ በሽተኛው ቀነሰ። መድኃኒት አጥቶ የተመለሰው ሰው የትም አልተመዘገበም። በሚቀጥለው ዙር የሚላከው ግማሽ ስለሆነ እንደገና ያልቃል። ያን ጊዜ አስቸኳይ ጥያቄ ይላካል፤ ይህኛው ደግሞ በድንጋጤ የተጋነነ ሊሆን ይችላል። ማዕከል ላይ ሆኖ ቁጥሮቹን የሚያይ ሰው ወባው አንዴ ጠፍቶ አንዴ የተነሣ ይመስለዋል።

መድኃኒት ቤት ውስጥ የምትሠሩ አድማጮቻችን፣ መደርደሪያው ባዶ የሆነባቸውን ቀኖች መመዝገብ አሰልቺ ሥራ ይመስላል። ግን 150ን ወደ 300 የሚመልሰው ያ መዝገብ ነው። 300ን መድኃኒቱ ለነበረባቸው ቀኖች ብቻ አካፍሉ፤ እውነቱ ይወጣል።

(አጭር ሙዚቃ)

መፍትሔውስ? አንዱን በቅርብ እንየው። ፓርማ ከተማ አጠገብ ፔድሪኛኖ በምትባል ስፍራ የጣሊያኑ ባሪላ ኩባንያ ግዙፍ የፓስታ ፋብሪካ አለው። ጣሊያኖች ፓስታ መብላት አንድ ሳምንት ጀምረው አንድ ሳምንት የሚተዉ ሰዎች አይደሉም። ሆኖም በ1980ዎቹ ከአከፋፋዮች የሚመጣው ትእዛዝ ከሳምንት ሳምንት እጅግ ይለዋወጥ ነበር። የማስተዋወቂያ ቅናሽ አለ፣ መኪና ሙሉ ለሚያዝ ቅናሽ አለ፣ አከፋፋዮቹ በሳምንት አንዴ ያዛሉ። ብራንዶ ቪታሊ የተባለ የኩባንያው የሎጂስቲክስ ኃላፊ አንድ ሐሳብ አመጣ፤ አከፋፋዮች ማዘዝ ይተዉ፣ በየቀኑ ስንት እንደሸጡና ስንት እንደቀራቸው ብቻ ይንገሩን፣ የምንልከውን እኛ እንወስን።

እንዴት ያለ ቁጣ ተነሣ መሰላችሁ! አከፋፋዮቹ "መጋዘናችንን አሳልፈን ልንሰጣችሁ ነው?" አሉ። የባሪላ የሽያጭ ሠራተኞችም አልወደዱትም፤ አከፋፋዩን አግባብቶ ብዙ ማስወረድ የእነሱ ሥራ ነበራ። ለዓመታት አንድም ፈቃደኛ አልተገኘም። ቪታሊን የተካው ጆርጆ ማጃሊ በመጨረሻ ሙከራውን በባሪላ በራሱ ማከፋፈያ፣ ፍሎረንስ ላይ ጀመረ። የ10 ቀን ያህል የነበረው ክምችት ከአራት ቀን በታች ወረደ፤ ደንበኛ የሚያጣው ዕቃም ቀነሰ። ትንሽ አከማችቶ የተሻለ ማዳረስ! ይህ የሆነው ማንም ሰው ይበልጥ ጎበዝ ስለሆነ አይመስለኝም፤ ውሳኔ የሚሰጠው ሰው ዓይን ከትእዛዝ ወረቀት ተነሥቶ ወደ እውነተኛው ሽያጭ ስለዞረ ነው። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብልና ዋልማርትም በ1980ዎቹ መጨረሻ የሽያጭ መረጃ መጋራት የጀመሩት በዚሁ መንፈስ ነው። ከኮምፒውተሩ ይልቅ የከበደው መተማመኑ ነበር፤ ነጋዴ የሸጠውን ልክ ለአቅራቢው መንገር የሚከብደው በጣሊያን ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ለእውነት ስል አንድ ነገር ልጨምር። ጅራፉ በሁሉም ቦታ አይጮኽም። ዠራር ካሾን እና ሁለት ባልደረቦቹ በ2007 ያሳተሙት ጥናት የአሜሪካን ኢንዱስትሪዎች መረጃ ሲመረምር፣ ክስተቱን በጅምላ ንግዱ ዘርፍ አገኘው፤ በችርቻሮውና በአብዛኛው የማምረቻ ዘርፍ ግን አላገኘውም። ብዙ አምራቾች የሚመጣውን የወቅት ከፍታና ዝቅታ አስቀድመው ስለሚያውቁ ምርታቸውን ያስተካክላሉ። ስለዚህ ለበዓል ዶሮና እንቁላል ፍላጎት መጨመሩ ብቻውን ጅራፍ አያስጮኽም፤ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ሁሉም ያውቃል። የሚያስጮኸው ያልተጠበቀው ለውጥ ነው።

የእጥረት ጊዜ ድልድልን በተመለከተ፣ የመኪና አምራቹ ጄኔራል ሞተርስ የተጠቀመበት ዘዴ አለ። ያለውን መኪና ለሻጮች ሲያካፍል የሚያየው አሁን የጠየቁትን ሳይሆን ቀድሞ የሸጡትን ነው። እንዲህ ከሆነ ትእዛዝ ማሳበጥ ምንም አይጠቅምም። ዘዴው የራሱ ጣጣ አለው፤ ትናንት የተከፈተ ሱቅ የሚያሳየው ያለፈ ሽያጭ የለውም። ቀድሞ የነበረው ይጠቀማል፣ አዲስ ገቢው ይጎዳል። የሸማቾች ማኅበራት ዘይትና ስኳር ሲያከፋፍሉም ይኸው ጥያቄ ይነሣል።

ጊዜያችን አለቀ። ለሳምንት የቤት ሥራ ልስጣችሁ። የፓስታውን ስሌት እንደገና ሥሩት፤ በዚህኛው ግን አራቱም ነጋዴዎች ይበልጥ ጠንቃቃ ይሁኑና የሁለት ሳምንት ሽያጭ ያህል መጠባበቂያ ይያዙ። ሲጀመር በየቤቱ 200 ካርቶን አለ ማለት ነው። ሽያጩ ከ100 ወደ 105 ሲል ባለሱቁ 115 ያዛል፤ በትክክል ከሠራችሁ ፋብሪካው 505 ላይ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ሁለተኛውን ሳምንት ቀጥሉ። አከፋፋዩ ጋ ስትደርሱ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይወርድባችኋል፤ ምን ማድረግ እንዳለበት እናንተ ወስኑለት። ደኅና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)